አሥራ አራት ጥድ

«አትክልተኛ ነበሩ፤ አርጅተው መሄጃ ሲያጡ ግቢ ውስጥ አስቀመጥናቸው» አለ ወንድሜ። ያለው ከላይ፣ ከአዲሱ ሰገነቱ ላይ ሆኖ ነው። እኔ ደግሞ ታች፣ ከእግሩ ሥር ተንበርክኬ የአባታችንን የእግር ጣቶች አንድ በአንድ በፎጣ እያደረቅኩ ነበር። ቤቱን ሲጎበኝ የነበረው እንግዳ በክፋት አልጠየቀውም። ሰው አዲስ ቤት ሲያስጎበኙት ሰቆቹን አድንቆ፣ የመስኮቱን ስፋት አድንቆ፣ የሚለው ሲያጣ ቁልቁል አይቶ «እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው?» እንደሚለው ነው ያለው። ወንድሜ ግን ቁጭ ብሎ እንዳሰበበት ሰው ቶሎ መለሰ። «ታማኝ ሰው ነበሩ» ብሎም ጨመረበት። ያቃጠለኝ «አትክልተኛ» ማለቱ አይደለም። አባዬ አትክልተኛ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው አጥር ሲከረክም፣ የመናፈሻ ሣር ሲያጭድ ነው የኖረው። «አባቴ ናቸው» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ያቺን ሁለት ቃል ነው የነፈገው።

ቀና ብዬ አየሁ። የታየኝ የጫማው ጫፍና ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለ እጁ ብቻ ነበር። መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አልወጣልኝም። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ አፌ ተይዞ አያውቅም። አባዬ ልጅ ሆነን ለሁለታችንም ስም አውጥቶልን ነበር፤ ወንድሜን አጭርና ድብልብል ስለነበር ጉቶ ይለዋል፣ እኔን ደግሞ ስለ ምላሴ ሬት። ካመመው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፣ አፉ ውስጥ የቀሩት ቃላትም ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ እሺ፣ ጉቶ። ልብ በሉ፣ የማጥበውና የማጎርሰው እኔ፣ ማታ የማገላብጠው እኔ፣ የእኔ ስም ጠፍቶ የእሱ ቀረ። ይኼ ያናድደኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ግቢው ለሁለት የተከፈለው ወንድሜ ከፊት ለፊት ያለውን ግማሽ ወስዶ ፎቅ ሲሠራበት ነው። እኔና አባዬ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ቀረን፤ በአንደኛው እንተኛለን፣ በሌላው መጋረጃ እሰፋለሁ። የመታጠቢያ ቤታችን በር ጠባብ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበሩን አያስገባም። ስለዚህ አባዬን የማጥበው ውጪ፣ ቧንቧው ባለበት በኋላ ግንብ ጥግ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው። ፎቁ ሳይወጣ በፊት ከወፍ በስተቀር የሚያየን አልነበረም። አሁን ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሁሉ የአባቴን ገላ ያያል። ትናንት ደግሞ የወንድሜ ሚስት በብረቱ ላይ ዘንበል ብላ፣ ነገ ከሰዓት እንግዶች ስላሉን አባባን ትንሽ ውስጥ ብታቆያቸው፣ ነፋስ እንዳይመታቸው ብላኝ ነበር። ለእሱ አስባ መስሎኝ ተባረኪ አልኳት። ሞኝ ነኝ እኮ።

ጠዋት የወንድሜን መልስ በሰማሁበት ቅጽበት ቆረጥኩ። አጥር እተክላለሁ፤ ያውም ግንብ ሳይሆን የሚያድግ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያረግፍ፣ በጋ ክረምት የማይል አረንጓዴ አጥር። ዛሬውኑ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ። ዓይናቸው ከአባቴ ላይ ይነሳ፤ ማን ነው ብለው መጠየቂያ ይጡ። ለአንድ ሆቴል የጀመርኳቸው አሥራ ስምንት መጋረጃዎች ማሽኑ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ እንደተዘረጉ ተውኳቸው። አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር አውርጄ ግቢውን በቁመትም በወርድም ለካሁ። አባዬን ሸሚዝ አለበስኩት፣ ወንበሩ ላይ አመቻቸሁት፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጌ ችግኝ መሸጫው ድረስ ሃያ ደቂቃ ገፋሁት። የመንገዱ ጠርዝ በየቦታው ፈርሷል፤ ወንበሩ በነጠረ ቁጥር አባዬ «እሺ» ይላል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ እንደዚህ ስንባባል ደረስን።

ችግኝ ሻጩ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የነካው፣ ገርጀፍ ያለ ሰውዬ ነው። ዕቃውን ለመሸጥ አይጣደፍም፤ እንዲያውም እንዳልገዛው የሚከራከረኝ ነው የሚመስለው። ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለና ዛሬውኑ የሚከልል ነገር ስጠኝ አልኩት። ከማን ነው የምትከለዪው አለኝ። ከፎቅ አልኩት። እሱማ በምን ይከለላል ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ በእንጨት ሣለልኝ። ከፎቁ ግንብ ሥር ብትተክዪው ላዩ ላይ አሻግረው ያዩሻል፤ ከፎቅ ለመከለል ተክሉን ማስጠጋት ከሚታየው ሰው አጠገብ ነው፤ በቀረበ ቁጥር አጭሩም ይበቃል አለኝ። መጋረጃ ሰፊ ስለሆንኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ሜትሬን አውጥቼ የሰገነቱን ከፍታ፣ የመታጠቢያውን ጥግ ርቀት ነገርኩት፤ ካንቺ ጋር መነጋገር ደስ ይላል አለኝ።

ከዚያ መምረጡ ሆነ። ቀርከሃ ፈለግኩ፣ ቶሎ ያድጋል ብዬ። ሥሩ ከምድር በታች ሄዶ ወለልሽን ይሰነጥቀዋል አለኝ፤ የማን ወለል ብዬ ላስብበት ትንሽ ቆሜያለሁ፣ አልደብቅም። ቅንጭብ አየሁ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ዱራንታ አየሁ፣ ቢጫ ፍሬው እንዴት ያምራል፤ አባዬ ግን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው፣ ፍሬው ደግሞ መርዝ ነው። ወይራ አየሁ፤ እሱን ትተክዪና ጥላው ሥር የልጅ ልጅሽ ትቀመጣለች አለኝ። ልጅ እንኳ የለኝም አልኩት። እኛ ስንከራከር አባዬን የተውኩት ከጥዶቹ አጠገብ ነበር። ዞር ስል ደህና እጁን ዘርግቶ አንዱን ቅርንጫፍ ይዟል፤ በሁለት ጣቱ ይፈትገውና ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ደግሞ ይፈትገዋል። ሰውዬው አየው። ጠጋ ብሎ ጣቶቹን አስተዋለ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባለመቀሱ አይደሉም?»

ናቸው አልኩት። መቀስ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው አለኝ። በመናፈሻው ሥራ አብረው ስድስት ዓመት ሠርተዋል። እዚህ ከተማ ላይ ቀጥ ብሎ የተከረከመ አጥር ካየሽ ወይ እሳቸው ናቸው ወይ እሳቸው ያስተማሩት ሰው ነው አለ። ጎንበስ ብሎ አባዬን ጉልበቱን ስሞ ተነሳ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ጠዋት የሆነውን አልነገርኩትም፣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ። አንድ ነገር አጫወተኝ፤ በሰዓቱ ልብ አላልኩትም፣ ችኮላ ላይ ነበርኩ። አጥር የሚያስተክል ሰው ሁሉ የሚመጣው ምን ልደብቅ ብሎ ነው፣ ባለመቀሱ ግን መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ባለቤቱን «ምን እንዲታይ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ነበር የሚጠይቁት አለኝ። ባለቤቶቹ ግራ ይገባቸውና ቆመው ግቢያቸውን ያዩ ነበር፣ እንዳላዩት ሁሉ። እኔ የምፈልገው ምንም እንዳይታይ ነው ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጥድ ወሰንኩ። አባዬ መርጦታል ማለት ይቻላል። በትልልቅ ላስቲክ ውስጥ ያደጉ፣ ከእኔ ራስ በላይ የሆኑ አሥራ አራት ጥዶች ነበሩት፤ ለአንድ ሌላ ሰው ያቆያቸው ነበሩ፣ ለእሳቸው ከሆነ ሰጥቻለሁ ብሎ ለቀቀልኝ። በትንሿ የጭነት መኪናው ራሱ ጭኖ ሊያደርስልኝ ሲነሳ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ ውሃውን ነው። ዛሬ ተተክሎ ዛሬ በደንብ ካልጠጣ አለቀለት፤ ያውም ጥድ ሲሞት አይታወቅበትም፣ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሞ ይሞትና የምታውቂው ከሦስት ወር በኋላ ነው አለኝ። አባዬን ከፊት፣ ከእሱ አጠገብ አስቀመጥነው። በመስኮቱ አጥር እያየ መጣ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጥዶቹ ግቢያችን ውስጥ ተደርድረው ቆሙ፤ ችግኝ ሻጩም አባዬን ተሰናብቶ ሄደ። ከወንድሜ ጋር እንደምጣላ ጠብቄያለሁ። ብርሃን ትከልዪብኛለሽ ይላል ብዬ መልሴን መንገድ ላይ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት፤ ደርድሬ፣ ደርድሬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራበትን «ጋሼ» እንኳ ላልለው ወስኜ ነበር። ወንድሜ በደረጃው ወረደ፣ አዲሱን ጫማውን አፈር እንዳይነካው እየመረጠ ረገጠ፣ ጥዶቹን ዳበሳቸው። ፊቱ በራ።

«ጎበዝ» አለኝ። «እኔም ይኼንኑ ሳስብ ነበር። ላንቺ መናገር ከብዶኝ ነው እንጂ።»

እንዲያውም ወንበርና ጠረጴዛ እንዲደረድሩ ያመጣቸው ሁለት የቀን ሠራተኞች እንዲቆፍሩልኝ አዘዘልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይለቅ፣ ሥራ አስኪያጃችን ራሷ ነች የምትመጣው አለ። በእጁ ከግንብ እስከ ግንብ መስመር አሰመረልኝ፤ እዚህ ጋ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከዚህ ወዲያ ምንም እንዳይታይ። ለአባዬም ጥሩ ነው፣ ፀጥታ ያገኛል አለ። አባዬ እዚያው ነው፣ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ወንበሩ ላይ። ወንድሜ ይኼን ሁሉ ሲናገር አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሱ አልዞረም። ይከፋው መስሎኝ ያመጣሁት ነገር ሠርግና ምላሽ ሆነለት። ከጠዋት ጀምሬ ስባዝን የዋልኩት፣ ሃያ ደቂቃ በተሰበረ መንገድ አባቴን ስገፋ የመጣሁት፣ ወንድሜ ለማድረግ የከበደውን ነገር ልሠራለት ኖሯል። እሱ በአፉ ደበቀው፣ እኔ ደግሞ በጥድ ልደብቅለት።

ጎንበስ ብዬ የአንዷን ጥድ ላስቲክ አስተካከልኩ። እሺ እንዳልኩ ቆጥሮት ሊለብስ ወጣ። ቆሜ ግቢውን አየሁት። ያን ጊዜ ነው የችግኝ ሻጩ ወሬ የመጣልኝ፤ ምን እንዲታይ ትፈልጋላችሁ። የምፈልገውማ አንድ ነገር ነው። አባቴ ራቁቱን ሲሆን ማንም እንዳያየው፣ ለብሶ ሲቀመጥ ደግሞ ማንም አላየሁትም እንዳይል። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸው ነበር። ገላው የራሱ ነው፤ ፊቱን የሚደብቅበት ምን ነውር ሠራ?

ሠራተኞቹ አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ወንድሜ ያሰመረውን መስመር አልፌ ወደ ኋላ ወሰድኳቸውና በሜትሬ ምልክት አደረግኩላቸው፤ ቧንቧው ካለበት ጥግ ጀምሮ በቀኝ አራት፣ በግራ አራት፣ ከፊት ስድስት፣ ማዕዘኗ ላይ ወንበሩ የሚገባበት ክፍተት። እንደ ትንሽ ክፍል ማለት ነው፣ ግድግዳው ጥድ የሆነ። ጋሼ እዚያ ጋ ብለውን ነበር እኮ አለኝ አንደኛው። ጋሼ አያጥብም፣ የማጥበው እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም። ጉድጓድ ሲቆፍሩ እኔ ላስቲኩን እቀድዳለሁ፣ ሲያቆሙት አፈር እረግጣለሁ። አባዬ ያያል። አንደኛዋ ጥድ ትንሽ ዘመም ስትል ደህና እጁን አንስቶ ወደ ግራ አወዛወዘ፤ ሠራተኛው አቃናት። ለስምንት ወራት እንዲህ ሲያዝ አላየሁትም። የመጨረሻዋን እንዳቆምን የወንድሜ ሚስት ከላይ ሠራተኞቹን ተጣራች፣ ወንበር ይደርደር ብላ፤ ጥዶቹን ውሃ ሳያጠጡ ትተዋቸው ሄዱ።

አባዬን ወደ ቤት አስገባሁት። አዎ፣ ጥዶቹን ጨርሼ ወደ ውስጥ ነው ያስገባሁት፣ ግን እነሱ እንዳሉት ላቆየው አይደለም። ፂሙን ላጨሁት። ነጩን ሸሚዝ ተኮስኩለት፤ አንገትጌው ሰፍቶታል፣ ከኋላ በሁለት ስፌት ያዝኩት። ጡረታ ሲወጣ የለበሰውን ግራጫ ኮት አለበስኩት። ጫማውን ጠርጌ አሠርኩለት፤ የማይራመድ እግር ላይ ጫማ ማሠር አንጀት ይበላል። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ላይ ብርጭቆ መንቀጫቀጭ ሲጀምር፣ ገፍቼ አወጣሁት። ከጥዶቹ ፊት፣ ስድስቱ ባሉበት መሃል ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰገነቱ አድርጌ አቆምኩት። ድሮ ፎቶ ቤት ውስጥ ከበስተኋላ ሥዕል ይሰቅሉ አልነበር? ልክ እንደዚያ ነው የሆነው። ሙሉ ግቢው ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ነገር እሱ ብቻ ሆነ።

ሰገነቱ ላይ ወደ አሥር ሰዎች ነበሩ። አንዲት ጠና ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት መሃል ተቀምጣለች፤ ሲያጎነብሱላት ሥራ አስኪያጇ እሷ እንደሆነች ገባኝ። ወንድሜ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ እየሳቀ ሲያወራ ሚስቱ አየችን። ክንዱን ነካችው። ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደሚገባ አጣ። የጠዋቱ እንግዳም ነበር፤ ቁልቁል አይቶ በደግነት «አትክልተኛው እኮ ናቸው፤ ዛሬማ እንደ ሙሽራ ለብሰዋል» አለ። ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። አባዬ ሲናገሩ ሰምቶ ቀና አለ። ከፀሐይዋ ዓይኑን አጨናበሰ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ አለፈ፣ አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጉቶ» አለ።

አልጮኸም፤ ግን ሁሉም ሰማ። አንዲት ሴት እየሳቀች ጉቶ ደግሞ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ብርጭቆውን ያየዋል። ጠዋት አልወጣ ያለኝ ነገር አሁን ያለ ምንም ችግር ወጣ።

«ጉቶ እሱ ነው» አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁ። «ኮት የለበሰው። ልክ ናችሁ፣ የጠራው አትክልተኛ ነው። የሰው አጥር እየከረከመ እኔንና እሱን አሳድጎናል። አባታችን ነው።»

ሚስቱ መጋረጃውን ልትስብ እጇን ሰደደች፤ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ ነው፣ ለመስኮቱ እንጂ ለሰገነቱ አልለካሁትም፣ ምንም አልከለለላትም። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አወለቀች። አባዬን አየችው፣ ወንድሜን አየችው፣ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን ቁጭ አልክ?» አለችው። «አባትህ እየጠሩህ አይደል?»

ደረጃው በውጪ በኩል ስለሆነ ሲወርድ ሁሉም አየው። እያንዳንዷን ደረጃ እየቆጠረ የሚወርድ ነው የሚመስለው። መጥቶ አባዬ ፊት ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። እኔን በዓይኑ ሊበላኝ ምንም አልቀረውም፤ ያይ፣ እኔም አየሁት። አባዬ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን አያውቅም፣ ወይም ያውቃል፣ ከእሱ ጋር እንግዲህ ማወቂያ የለም። ደህና እጁን አነሳ። ወደ ኋላው፣ ወደ ጥዶቹ ጠቆመ።

«ውሃ» አለ።

ማጠጫውን አንስቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ አሥር ሰው እያየው ምን ያደርጋል። አሥራ አራት ጥድ ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ማጠጫ ይፈልጋል፣ ቧንቧችን ደግሞ የሚወርደው ክር በምታህል ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ሲያጠጣ ሱሪው ላይ ረጨው። ስድስተኛው ላይ ኮቱን አውልቆ የሚሰቅልበት ሲያጣ አባዬ ጉልበት ላይ አኖረው። ላይ ማንም አልተነሳም፣ ማንም አልሳቀም። አልረዳሁትም። ከቤት የስፌት ወንበሬን አምጥቼ አባዬ አጠገብ፣ ፊቴን ወደ ሰገነቱ አድርጌ ተቀመጥኩና ሲሠራ አየሁት። ያም ሆኖ ወንድሜ አጠጣጡን አልረሳም፤ ሥሩን በእጁ እየደለደለ፣ ቀስ አድርጎ፣ አባዬ ልጅ ሆነን እንዳሳየን ነው።

አሥራ አራተኛውን ጨርሶ ወገቡን ይዞ ሲቃና፣ አባዬ ጣቱን ወደ ሦስተኛዋ ቀሰረ። አፈሯ ገና ደረቅ ነበር።

«ውሃ።»

ወንድሜ የራሱን እጅ አየ፣ የአባዬን ጣት አየ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«እሺ አባዬ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

«ጮክ በል ጉቶ» አልኩት። «ላይ ድረስ አልተሰማም።»

ጮክ ብሎ ደገመው።